ሥዕሉ ከማመልከቻው ጋር ይላክ ወይስ ይቅር?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በተለይ ዘንድሮ ኮሌጅ የሚያመለክት ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ያላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ዝለቁ።

የማመልከቻ ወራት በመጣ ቁጥር ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ልጄ በጣም ጥሩ ትስላለች፤ ሥዕሏን አብረን ብንልከው አይጠቅማትም?» «ወንድሜ ክራር ይመታል፤ ቀርጸን እናስገባው?» «ግጥም እጽፋለሁ፤ ከማመልከቻው ጋር ላያይዘው?» የሚጠይቁኝ ከካኩማ፣ ከናይሮቢ፣ ከካምፓላ ናቸው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጠያቂዎቹ አመልካቾቹ ራሳቸው ሳይሆኑ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ አክስቶችና አጎቶች ናቸው። ልባቸው ከልጁ ጋር ስለሆነ ያገኙትን ሁሉ መጫን ይፈልጋሉ።

ሐሳቤን ሳልደብቅ ከመነሻው ልናገር። ለአብዛኞቹ ልጆቻችን መልሱ «ይቅር» ነው። ለጥቂቶቹ ግን «ይላክ፣ ያውም ተጠንቅቆና ተሟልቶ ይላክ» ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት ያልቻለ ቤተሰብ የልጁን ጊዜ፣ የዘመድን ገንዘብ፣ አንዳንዴም የልጁን ክብር ያባክናል። ምክንያቴን አንድ በአንድ ላስረዳ።

መጀመሪያ የምታንኳኩት በር የትኛው እንደሆነ እወቁ

ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው ልጁ የት እንደሚያመለክት ሳይታወቅ ነው። ሁሉም ነገር «ስኮላርሺፕ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀለላል። በሮቹ ግን የተለያዩ ናቸው፤ የሚጠይቁትም የተለያየ ነው።

ዳፊ የምንለው የዩኤንኤችሲአር ስኮላርሺፕ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ያለ ነው። በዋናነት የሚረዳው ስደተኛው ተጠልሎ ባለበት አገር ዩኒቨርሲቲ እንዲማር ነው። ዉስክ የምንለው የካናዳው ድርጅት የስደተኛ ተማሪዎች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረ ሲሆን ከካኩማና ከዳዳብ ብዙ ልጆችን ወስዷል። በነዚህ በሮች የሚመዘነው የትምህርት ውጤት፣ የቋንቋ ችሎታ፣ ፎርሙ ላይ የሚጻፈው መልስና ቃለ መጠይቅ ነው። ሥዕል የሚያስቀምጡበት ቦታ የለም። ለዳፊ የሚያመለክት ልጅ ሦስት ሳምንት ቪዲዮ ሲያቀናብር ከከረመ፣ ያን ሦስት ሳምንት ከቃለ መጠይቁ ዝግጅት ላይ ነው የቀነሰው። ለእነዚህ ልጆች ጥያቄው እዚህ ላይ አበቃ።

«ተጨማሪ የፈጠራ ሥራ» የሚባለው ነገር በዋናነት የአሜሪካ ኮሌጆች ጉዳይ ነው። በኮመን አፕ በኩል የሚያመለክቱ ልጆች አንዳንድ ኮሌጅ ሲመርጡ «ፖርትፎሊዮ ማቅረብ ትፈልጋለህ?» የሚል ጥያቄ ያገኛሉ። «አዎ» ካሉ ብዙ ጊዜ ስላይድሩም ወደሚባል ሌላ ገጽ ይመራቸዋል። አክስትና አጎት የሚሟገቱት በዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

እዚያም ቢሆን ሦስት ዓይነት ኮሌጅ አለ።

አንደኛው የፈጠራ ሥራን ግዴታ የሚያደርግ ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ብዙ የአርክቴክቸር ትምህርት ክፍሎች፣ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪዎች ከዚህ ይመደባሉ። የሮድ አይላንድ የዲዛይን ትምህርት ቤት ከ12 እስከ 20 የሚደርሱ ሥራዎችን ይጠይቃል። ጁሊያርድ በቀረጻም በፊት ለፊትም አስጫውቶ ይመዝናል። እዚህ «ልላክ ወይስ ልተው» የሚባል ነገር የለም፤ ማመልከቻው ራሱ ሥራው ነው።

ሁለተኛው ጭራሽ የማይቀበል ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም እነ በርክሊና ዩሲኤልኤ ያሉበት ሥርዓት፣ የራሳቸውን መስፈርት ካወጡ አንዳንድ የጥበብ ትምህርት ክፍሎች በስተቀር ተጨማሪ ሥራ አይቀበልም። የምስክርነት ደብዳቤ እንኳ በአጠቃላይ አይጠይቅም። ከስምንት ጥያቄዎች አራቱን መርጣችሁ እያንዳንዱን እስከ 350 ቃል ድረስ ትመልሳላችሁ። ከስምንቱ አንዱ ስለ ፈጠራ ችሎታችሁ የሚጠይቅ ነው። ሥዕል የምትስል ልጅ እዚያ ላይ በቃላት ትናገር፤ በኢሜይል ሥዕል ብትልክ ግን ያልተጠራ እንግዳ ነው የምትሆነው። በነገራችን ላይ ይህ ሥርዓት ለውጭ አገር ተማሪ የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ያንንም አስቡበት።

ሦስተኛው «ከፈለግህ ላክ» የሚለው ነው። ኤምአይቲ፣ ዬል፣ ሃርቫርድና ሌሎች ብዙ ኮሌጆች ከዚህ ናቸው። ኤምአይቲ ሙዚቃና ሥዕል ለሚሠሩት ብቻ ሳይሆን በእጃቸው ዕቃ ለሚሠሩ፣ ለሚገጣጥሙ፣ ለሚፈለስፉ ልጆችም የተለየ ፖርትፎሊዮ አለው። ክርክራችን ሁሉ ያለው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው። እነዚህ ያልኳቸው ሦስቱ ኮሌጆች ከውጭ የመጣ አመልካች የመክፈል አቅም የለውም ብለው ማመልከቻውን ከማይጥሉ ጥቂት ኮሌጆች ውስጥ ስለሆኑ፣ የኛ ልጆች ዓይን እነሱ ላይ ቢያርፍ አይገርምም።

«ከፈለግህ» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ወላጅ «ከፈለግህ ላክ» የሚለውን ሲያነብ «ብትልክ ይሻላል» ብሎ ይተረጉመዋል። እኛ ባደግንበት ባህል እንግዳ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ቢያንስ ሙዝ ይያዛል። ቢሮ ስንሄድም ያለንን ወረቀት ሁሉ በፌስታል ይዘን ነው የምንሄደው፤ ምን እንደሚጠየቅ አይታወቅምና። ከዩኤንኤችሲአር በር ላይ የተማርነው ይህንኑ ነው። ማንዴቱ፣ አሊያን ካርዱ፣ የክትባት ካርዱ፣ የጥምቀት ሰርተፍኬቱ ሁሉ አንድ ላይ ይታሰራል።

ኮሌጅ ግን እንደዚያ አይሠራም። ሃርቫርድን የመሰለ ኮሌጅ በዓመት ከ40,000 በላይ ማመልከቻ ይደርሰዋል። አንድ አንባቢ በአንድ ልጅ ማመልከቻ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ተጨማሪ ሥራ ሲላክ ብዙ ጊዜ የሚታየው በዚያው ሙያ ባለ መምህር ነው። ሥዕሉን የሚያየው ሠዓሊ፣ ሙዚቃውን የሚሰማው ሙዚቀኛ ነው ማለት ነው። ያ ሰው ሥራውን የሚያወዳድረው ከሰፈራችን ልጆች ጋር ሳይሆን ከመላው ዓለም ከመጡ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አስተማሪ ተቀጥሮላቸው ከተማሩ ልጆች ጋር ነው። ፍትሐዊ አይደለም ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ግን እንዲያ ነው።

ስለዚህ መካከለኛ ሥራ ልጁን ከፍ አያደርገውም። «ደህና ነው» የሚል አስተያየት ተጽፎበት ይመለሳል፤ ለልጁ የሚጨምረው ነገር የለም። ምናልባትም በድርሰቱ ላይ ጠንካራ ሆኖ የታየውን ልጅ ያደበዝዘዋል። ኮሌጆቹ ራሳቸው ብዙዎቹ በግልጽ የሚናገሩት «የተለየ ችሎታ ካለህ ብቻ ላክ፤ ባትልክ አትጎዳም» እያሉ ነው። እመኗቸው። ወረቀት የሚያበዛ ሰው የሚያሸንፍበት በር አይደለም።

«ልጆቻችን ግን ሌላ ምን አላቸው?»

ይህ የሚቀርብልኝ ትልቁ መቃወሚያ ነው፤ አላቃልለውም። «የሀብታም ልጅ ሙሉ ትራንስክሪፕት አለው፣ የፈተና ውጤት አለው፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ አለው። የኛ ልጅ አንዱን ክፍል አገር ቤት፣ አንዱን ክፍል ካምፕ ተምሮ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ቤት ተቀምጦ ነው ያደገው። ሥዕሉ ካልተላከለት ምኑ ይታይለት?» ይሉኛል።

እውነት ነው። በዓለም ላይ ካሉ ስደተኛ ወጣቶች ኮሌጅ የሚደርሱት እ.ኤ.አ. በ2019 ከመቶ 3 ገደማ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቢጨምርም ከመቶ 10 አልሞላም። ዩኤንኤችሲአር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከመቶ 15 ለማድረስ ግብ ይዟል። በሩ ጠባብ ነው፤ ቤተሰብ የያዘውን ሁሉ መወርወሩ አያስደንቅም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። ለኛ ልጅ ከሁሉ የሚጠቅመው «ተጨማሪ ነገር» ሥዕል ሳይሆን ማብራሪያ ነው። ኮመን አፕ ላይ ስላጋጠማችሁ ችግርና ሁኔታ የምትጽፉበት ቦታ አለ፤ ተጨማሪ መረጃ የሚጻፍበትም ቦታ አለ። ብዙ ልጆቻችን ይህንን ባዶ ይተዉታል! «ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ስሸጋገር አገር ለቀቅን፤ ለአሥራ ስምንት ወር ትምህርት ቤት አልነበርኩም፤ ከዚያ በኬንያ ሥርዓት ከሰባተኛ ክፍል እንደገና ጀመርኩ» የሚሉ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ከየትኛውም ሥዕል የበለጠ ይሠራሉ። አንባቢው ዕድሜው ለምን ከፍ እንዳለ፣ ውጤቱ ለምን መሃል ላይ እንደወደቀ፣ የአገር ቤቱ ሰርተፍኬት ለምን እንደጠፋ ይገባዋል። ሳይገባው ከቀረ ግን በራሱ ይገምታል፤ ግምቱ ደግሞ ለኛ አይጠቅምም።

ሌላም ባዶ የሚተው ቦታ አለ። እስከ አሥር የሚደርሱ ከክፍል ውጭ የሚሠሩ ሥራዎችን ለመዘርዘር ቦታ አለ፤ ለእያንዳንዱ 150 ፊደል የሚሆን መግለጫ ይፈቀዳል። ልጆቻችን «እኔ ክለብ አልገባሁም፣ ስፖርት የለኝም» ብለው ያልፉታል። ታናናሾችሽን ከትምህርት ቤት አምጥተሽ ራት የምታበስይው አንቺ አይደለሽም? ሆስፒታል ሲኬድ ከአማርኛ ወደ ስዋሂሊ፣ ከስዋሂሊ ወደ እንግሊዝኛ የምታስተረጉመው አንተ አይደለህም? ኢስሊ ሱቅ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የምትቆመውስ? ይህ ሁሉ ይጻፋል። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት ብላችሁ ጻፉት። ኮሌጆቹ የቤተሰብ ኃላፊነት ይቆጠራል ይላሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የገንዘብ ድጋፍ ፎርም አለ። ሲኤስኤስ ፕሮፋይልን የመሰለ ፎርም ለኛ ቤተሰብ ራስ ምታት ነው፤ የደመወዝ ወረቀት፣ የግብር ማስረጃ ይጠይቃል። የሌለንን ነገር «የለንም፤ ምክንያቱም…» ብሎ ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ ይወስዳል። በብዙ ኮሌጆች ከመጀመሪያው ድጋፍ ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ በኋላ መጠየቅ ይቸግረዋል። ይህ ፎርም ሳያልቅ ክራር ለመቅረጽ የሚሮጥ ቤተሰብ ጣሪያ ሳይከድን መጋረጃ የሚሰቅል ነው።

ታዲያ መቼ ይላክ?

ሁለት ልጆችን አስቡ።

አንደኛዋ ትስላለች። ሰው ሁሉ «ጎበዝ ነሽ» ይላታል። ያላት ሥዕል ስድስት ነው፤ አራቱ ከስልክ ላይ የተገለበጡ የታዋቂ ሰዎች ፊት ናቸው። ሁለቱን የሠራችው ኮሌጁ እንደሚቀበል ከሰማች በኋላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይህች ልጅ አትላክ። ሥዕል መውደዷን ከሥራዎቿ ዝርዝር ውስጥ ትጻፈው፤ በቂ ነው።

ሁለተኛዋ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰፈሯን የእጅ ጋሪዎችና ሱቆች በእርሳስ ስትስል ቆይታለች። አራት ደብተር ሞልታለች። የመጀመሪያውን ደብተር ከአራተኛው ጋር ብታስተያዩት እጇ እንዴት እንዳደገ ይታያል። አስተማሪዋ ስለዚህ ነገር በምስክርነት ደብዳቤው ላይ ጽፏል። ይህች ልጅ ትላክ! ውጤቷ የማይናገረውን ነገር ሥራዋ ይናገራል፤ ማንም ሳያዛት፣ ያለ አስተማሪ፣ በተመሳሳይ ነገር ላይ ለሦስት ዓመት መቆየት እንደምትችል ያሳያል። ኮሌጅ የሚፈልገው እሱን ነው።

ለእጅ ሠሪዎችም እንዲሁ ነው። ከወዳደቀ ሬዲዮና ከአሮጌ የሶላር ባትሪ መብራት የሠራ ልጅ «እኔ አርቲስት አይደለሁም» ብሎ ይተወዋል። እንዴት እንደሠራው፣ የቱ ጋ እንደተበላሸበት፣ እንዴት እንዳስተካከለው በፎቶና በአጭር ጽሑፍ ያሳይ። እንዲህ ዓይነት ልጅ በየካምፑ አለ፤ የሚነግረው ሰው ግን የለም። ይህን ጽሑፍ ለእሱ አስተላልፉለት።

መከራችን ፖርትፎሊዮ አይደለም

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ «የፈጠራ ሥራ» የሚሉት በእውነቱ ሥዕልም ሙዚቃም አይደለም። ልጁን ከድንኳኑ ፊት አቁሞ፣ ከበስተጀርባ አሳዛኝ ሙዚቃ ከፍቶ፣ የራሽን ሰልፍና የተሰነጠቀ ጄሪካን እያሳዩ የሚቀረጽ ቪዲዮ ነው። «ቢያዩት ልባቸው ይራራል» ይባላል።

ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ብዙዎቻችን ለዓመታት መከራችንን ስንተርክ ኖረናል። ለምዝገባ ተረክን፣ ለኢንተርቪው ተረክን፣ ለጋዜጠኛ ተረክን፣ ለእርዳታ ድርጅት ብሮሹር ፎቶ ተነሳን። ኬዛችን እንዲንቀሳቀስ ቁስላችንን ማሳየት ነበረብን። ልጆቻችን ይህን እያዩ ስላደጉ «እኔን ሰው የሚያደርገኝ የደረሰብኝ ነገር ነው» ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ኮሌጅ ማመልከት ግን አንድ ወጣት «ምን ደረሰብህ?» ከመባል አልፎ «ምን ታስባለህ? ምን ትሠራለህ? ምን መማር ትፈልጋለህ?» ከሚባልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ይህን ዕድል በገዛ እጃችን ወደ ሌላ የራሽን ሰልፍ አንለውጠው።

ስለ ስደት አትሳሉ፣ አትጻፉ አላልኩም። ስደት ሕይወታችን ነው፤ ሥራችን ውስጥ ይገባል። ልዩነቱ ማን ነው የሚያየው የሚለው ላይ ነው። ልጅቱ የራሽን ሰልፉን ራሷ አይታ፣ እንደገባት አድርጋ ከሳለችው ያ ሥራ ነው። ልጅቱን ሰልፉ ላይ አቁመን እኛ ከቀረጽናት ግን እሷ ዕቃ ሆነች። አዛኝ ሰው ምጽዋት ይሰጣል፤ የመማሪያ ቦታ የሚሰጠው ግን «ይህ ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለሌሎችም ይተርፋል» ብሎ ያመነ ሰው ነው።

የሌላውን ሰው ፊት አትላኩ

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር አለ። ካምፕ ውስጥ የሚቀረጽ ነገር ሁሉ ከበስተጀርባው ሰው አለበት። ያቺ ሰልፍ ላይ ያለች ሴት ከማን ሸሽታ እንደመጣች አታውቁም። ያ ሰውዬ ቤተሰቡ አሁንም አገር ቤት ሊሆን ይችላል። በፎቶም በፊልምም የሰው ፊት ካለ ባለቤቱን ጠይቁ፤ ሕፃን ከሆነ ወላጁን ጠይቁ፤ «እሺ» ያለው ሰውም ለምን እንደሆነ ገብቶት «እሺ» ማለቱን አረጋግጡ። ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ የምትጭኑ ከሆነ ሊንኩ ያለው ሰው ብቻ እንዲያየው አድርጋችሁ ጫኑት። ስምና የብሎክ ቁጥር የሚታይበትን ሰነድ፣ የራሽን ካርድ፣ የኬዝ ቁጥር በፍጹም ሥዕል ውስጥ አታስገቡ።

ሥራው የማን ነው የሚለውም ግልጽ ይሁን። ካኩማ ውስጥ ፊልምኤይድን የመሰሉ ድርጅቶች ለወጣቶች የፊልም ሥልጠና ሲሰጡ ቆይተዋል፤ ከዚያ የሚወጣው ፊልም በአብዛኛው የቡድን ሥራ ነው። መላክ ይቻላል፤ ግን «ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ያቀናበረው ጓደኛዬ ነው» ተብሎ ይጻፍ። ሥልጡን ዘመድ ያስተካከለው ግጥም፣ ኮምፒውተር የሠራው ሥዕል፣ ታላቅ ወንድም የጨረሰው ሥዕል አይላክ። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ከተደረሰበት ደግሞ አንዱን ሥራ ብቻ ሳይሆን ማመልከቻውን በሙሉ ይዞ ይወድቃል።

ለመላክ ከወሰናችሁ

ጥቂት ተግባራዊ ነገሮች ልጨምር።

ኮሌጁ የሚለውን ቁጥር አክብሩ። አሥር ምስል ካለ አሥር እንጂ አሥራ አንድ አትላኩ። ከስምንት ጥሩ ሥራ ላይ ሁለት ደካማ ብትጨምሩ የሚታወሱት ደካሞቹ ናቸው።

ሥዕል በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ወረቀቱ ሳይታጠፍ ይነሳ። በዋትስአፕ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይወርዳል፤ እንደ ዶክመንት አድርጋችሁ ላኩት።

ሙዚቃ ከሆነ ሳይቆራረጥ በአንድ ጊዜ የተቀረጸ፣ እጅና ፊት የሚታይበት፣ ከበስተጀርባ ጄኔሬተር የማይጮህበት ይሁን። ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ፣ አምባሰል ይሁን አንቺ ሆዬ በአንድ መስመር ግለጹ። ሰሚው ክራር ዓይቶ የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል።

ግጥም ከሆነ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አድርጉ፤ የተረጎመውን ሰው ግለጹ። ሰምና ወርቅ ያለበትን መስመር በቃል በቃል ትርጉም ብቻ ብትልኩት ወርቁ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሁለት መስመር ማብራሪያ ጨምሩበት።

ፖርትፎሊዮ ለመጫን ክፍያ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። ክፍያው እንዲቀርላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለቅበላ ክፍሉ አጭርና ትሑት ኢሜይል ጻፉ፤ ስደተኛ መሆናችሁንና መክፈል አለመቻላችሁን ግለጹ፤ ብዙ ጊዜ ይሰማሉ። የፖርትፎሊዮው ቀን ከማመልከቻው ቀን ሊለይ ስለሚችል ሁለቱንም አረጋግጡ። የመደበኛው ማመልከቻ ቀን በብዙዎቹ ዘንድ ከገናችን ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። ኔትወርክ በዓል እንደሚያከብር ታውቃላችሁ፤ የመጨረሻዋን ሌሊት አትጠብቁ።

ለአክስትና አጎቶች አንድ ቃል

ዲሲ፣ ስቶክሆልም፣ ሪያድ ሆናችሁ ከደመወዛችሁ ቀንሳችሁ የምትልኩ ወገኖች፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናንተ ባትኖሩ ብዙው ልጅ ማመልከቻ የሚባለውን ነገር እንኳ አያየውም ነበር። ግን እባካችሁ በስልክ «ይህንንም ጨምር፣ ያንንም ጨምር» አትበሉት። ልጁ እምቢ ማለት ያፍራል፤ ለከፈለ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? እናም ያላመነበትን ይልካል። ለቪዲዮ አቀናባሪ የምትከፍሉት ገንዘብ ለእንግሊዝኛ ፈተና፣ ለዳታ፣ ለሰነድ ትርጉም ይሁን። «ፖርትፎሊዮ እንሠራለን፣ ቅበላ እናስጨርሳለን» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ሰባራ ሳንቲም አትስጡ።

ልጆች፣ ለእናንተም። ውሳኔው የናንተ ነው። ራሳችሁን አራት ነገር ጠይቁ። ኮሌጁ ይቀበላል? ግዴታ የሆነው ሁሉ አልቋል? ይህ ሥራ ድርሰቴና ውጤቴ ያልተናገሩትን ነገር ይናገራል? ከቤተሰቤ ውጭ ያለ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው «ጠንካራ ነው» ብሎኛል? አራቱም «አዎ» ከሆኑ ላኩ፤ አትፍሩ። አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ ተዉት፤ ምንም አልጎደለባችሁም።

አለመላክ ማለት ደግሞ ሥራችሁ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ክራሩ ክራር ነው፤ ግጥሙም ግጥም ነው። አገርና ቤት ጥለን ስንወጣ የያዝነው ነገር ትንሽ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንዳንዱ ለማንም ቢሮ የማይቀርብ፣ ማህተም የማይመታበት፣ የራሳችን ብቻ ሆኖ ይቆይ። ማታ ማታ ለእናታችሁ ዝፈኑላት፤ ደብተሩን ሙሉት።

ዘንድሮ የምታመለክቱ ሁሉ ይቅናችሁ። ያለፋችሁበት ታላላቆች ልምዳችሁን ከታች ጻፉልን፤ በተለይ የትኛው ኮሌጅ ምን እንደጠየቃችሁ ብትነግሩን ለሚቀጥሉት መንገድ ይሆናል። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉለት።

ቸር ይግጠመን።